እበቱ፣ ውኃውና ማሳው፦ ባዮጋዝ በገበሬው ኑሮ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

የባዮጋዝ ማብላያ በአንድ የገጠር ግቢ ሲገነባ የሚለወጠው የማገዶው ዓይነት ብቻ አይደለም፤ እበቱ ለምን እንደሚውል፣ ውኃውን ማን እንደሚቀዳ፣ ማሳው ላይ ምን እንደሚዘራና ከአዝመራው በኋላ ለአፈሩ ምን እንደሚመለስለት የሚወስነው ነባር አሠራር በሙሉ አብሮ ይነካል። ይህ ሆኖ ሳለ የባዮጋዝ ፕሮግራሞች ሲመዘኑ የኖሩት ባብዛኛው በሁለት ቁጥሮች ነው፤ በድሃ አገሮች በተገነቡት ማብላያዎች ብዛት፣ በበለጸጉት ደግሞ በመነጨው የኤሌክትሪክ መጠን። ሁለቱም ለሪፖርት ይመቻሉ፤ ገበሬው ከነገሩ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጣ ግን አይናገሩም። በኢትዮጵያ ደጋዎች በአራት ከብቶች እበት የሚንቀሳቀሰው የቤተሰብ ማብላያና በጀርመን እርሻዎች መካከል የቆሙት ግዙፍ ጣቢያዎች በመጠንም በዓላማም የሚራራቁ ቢሆኑም፣ ጎን ለጎን ሲታዩ ይህ የመመዘኛ ጉድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በግልጽ ያሳያሉ።

አሠራሩ በመሠረቱ ቀላል ነው። እበት ከውኃ ጋር ተበጥብጦ አየር ወደማይደርስበት የተደፈነ ጉድጓድ ሲገባ፣ ያለ ኦክስጂን የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን እየተቀባበሉ ያብላሉታል፤ የመጀመሪያዎቹ የካርቦሃይድሬት፣ የፕሮቲንና የስብ ሰንሰለቶችን ይበጣጥሳሉ፣ ተከታዮቹ ብጥስጣሹን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ሜቴን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያመርታሉ። በላም ጨጓራ ውስጥ የሚካሄደውም ከዚህ ጋር እጅግ የተቀራረበ ሥራ ነው። ከሚገኘው ጋዝ ከግማሽ የሚበልጠው ሜቴን ሲሆን ቀሪው ባብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተውና ብረት የሚያዝገው ሃይድሮጅን ሰልፋይድም በጥቂቱ ይቀላቀልበታል። ተሕዋስያኑ በደንብ የሚሠሩት ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ የጋዙ መጠን በእጅጉ ያሽቆለቁላል። አንድ ኪሎ ትኩስ እበት በተመቸ ሁኔታ 40 ሊትር ገደማ ጋዝ ስለሚሰጥ፣ 20 ኪሎ እበት አንድ ምድጃ ለሁለት ሰዓት ያህል ያነድዳል። ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው፣ ባለሙያዎች ባዮስለሪ የሚሉት ፈሳሽ ዝቃጭ፣ በእበቱ ውስጥ የነበረውን ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም ከሞላ ጎደል ይዞ ይወጣል። የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ እበት ኩበት ሆኖ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይጠፋል፣ በማብላያ ሲያልፍ ግን ማገዶውም ማዳበሪያውም ከአንድ እበት ይገኛሉ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ማብላያ የተሠራው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መገባደጃ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ዓላማውም ለእርሻ መሣሪያዎች ብየዳ የሚሆን ኃይል ማግኘት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥርት ዓመታት በየተቋሙና በየገበሬው ግቢ 1,000 ያህል ማብላያዎች ተገንብተው ነበር፤ ይሁን እንጂ ከፊሎቹ ክትትል በማጣት፣ በቴክኒክ ብልሽት፣ በከብት ማነስና በውኃ እጥረት ምክንያት ሥራ አቁመው ቀሩ። ይህ ታሪክ መታወስ ያለበት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም የተነደፈው በእነዚሁ ፍርስራሾች ላይ ተመሥርቶ ስለነበረ ነው። በኔዘርላንድስ መንግሥት ገንዘብ፣ በኤስኤንቪና በሂቮስ የልማት ድርጅቶች ድጋፍ የተንቀሳቀሰው ይህ ፕሮግራም ከኔፓል የተቀዳውንና በአገር ውስጥ ተሻሽሎ «ስንዱ» የተባለውን ንድፍ መረጠ፤ ንድፉ ከመሬት በታች በድንጋይ ወይም በጡብና በሲሚንቶ የሚገነባ፣ ጣሪያው እንደ ጉልላት የተደፈነ፣ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ 2013 ድረስ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች 14,000 ማብላያዎችን ለመገንባት ታቅዶ ከ8,000 ጥቂት የሚበልጡ ተገነቡ። የዕቅዱ መጉደል በጊዜው ብዙ አነጋግሯል፤ የሲሚንቶ እጥረትና የዋጋው መናርም ተገቢውን የጥፋት ድርሻ ወስደዋል። ዳሩ ግን በተገነቡት ውስጥ ምን ያህሉ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ እንደሚነድዱ የሚለው ጥያቄ ከዕቅዱ አፈጻጸም ይልቅ የሚያሳስብ ነበር።

ማብላያው በትክክል ሲሠራ የሚያስገኘው ጥቅም ሊናቅ የሚገባው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል፤ በኢትዮጵያ ገጠር ደግሞ ከጭሱ አጠገብ የሚውሉት ሴቷና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው። በጋዝ ምድጃ የሚያበስል ቤት ጥላሸት የለበትም፤ ጠዋት እሳት ለማያያዝ የሚፈጀው ጊዜ ይቀራል፤ ልጃገረዶች ጭራሮ ለቀማ የሚወጡበት ቀንም ይቀንሳል። ማብላያው በአግባቡ በተያዘባቸው ቤቶች የሚሰማው ምስክርነት ተመሳሳይ ነው፤ ለፕሮግራሙ ዘላቂ ድጋፍ ያስገኘለትም ይኸው ነው።

ነገር ግን ማብላያው የእንጨቱን ሸክም ሲያቃልል የውኃ ሸክም ይጨምራል። ስድስት ሜትር ኩብ የሚይዝ ማብላያ በቀን 36 ኪሎ ያህል እበት የሚፈልግ ሲሆን እበቱ የሚበጠበጠው ከእኩል መጠን ውኃ ጋር ነው፤ ይህም በየቀኑ፣ በዓልና ክረምት ሳይል፣ ሁለት ጀሪካን ለመሙላት ጥቂት የሚጎድል ውኃ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ተጠቃሚዎችን ሲመርጥ ከመንደሩ በግማሽ ሰዓት ርቀት ውስጥ ውኃ እንዲኖር ያደረገው ለዚህ ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ግን የመሄጃው እንጂ የመመለሻውና ወረፋ የመጠበቂያው ጊዜ አይደለም። ውኃ የሚቀዱት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች በመሆናቸው፣ ከጭራሮ ለቀማ የተረፈው ጊዜ በሌላ በኩል ወደ ምንጩ መንገድ ይመለሳል፤ በበጋ ምንጩ ሲደርቅ ደግሞ በመጀመሪያ የሚጎድልበት ማብላያው ነው፣ ከሰውና ከከብት ቀድሞ ሊጠጣ አይችልምና። በእበቱም በኩል የተሰላው ስሌት እንደ ወረቀቱ አይሆንም። አራት ከብት ያለው ቤት በቂ ነው የሚለው መስፈርት ከብቶቹ በረት ውለው በረት የሚያድሩ ያህል የታሰበ ይመስላል፤ የሀገረሰብ ከብት ግን ቀኑን መስክ ስለሚውል በበረት የሚሰበሰበው የሌሊቱ እበት ብቻ ነው። እንግዲህ ማብላያው በሙሉ አቅሙ እንዲሠራ ከተፈለገ ከብቱን አስሮ መቀለብ ያስፈልጋል፤ ይህም ተጨማሪ ድርቆሽ፣ ተጨማሪ ጉልበትና በቂ የግጦሽ መሬት ለሌለው ገበሬ የማይደፈር ወጪ ነው።

የአየሩም ጠባይ የራሱ ፍርድ አለው። ኩበት ከማንኛውም ማገዶ በላይ የሚነድደው እንጨት በሚያንስበት በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው፤ የኩበት ክምር በየግቢው እንደ ትንሽ ጎጆ ተቆልሎ የሚታየውም በዚሁ ነው። እበትን ከእሳት አድኖ ወደ ማሳ የመመለስ ጥያቄ እዚህ ካልተነሣ የት ይነሣል? ሆኖም ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ አገር ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን፣ ማብላያው ከምድር በታች ቢቀበርም የጋዙ መጠን የሚያንሰው ማገዶ እጅግ በሚፈለግበት ወቅት ነው። የማብላያውን ጣሪያ በአፈርና በብስባሽ መሸፈን፣ ለመበጥበጫ የሚውለውን ውኃ በፀሐይ ማሞቅና በረቱን ከማብላያው አጠገብ ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሱታል፤ ለደጋው የተለየ ንድፍ ማዘጋጀት ግን ከቆላው ጋር በአንድ ሚዛን ከመቁጠር በፊት መምጣት የነበረበት ሥራ ነው።

ከሁሉም በላይ ፕሮግራሙን የፈተነው እንጀራ ነው። በገጠር ቤት ከሚነድደው ማገዶ ግማሽ ያህሉን የሚወስደው እንጀራ መጋገር ሲሆን፣ ምጣዱ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው የሸክላ ምጣድ በመሆኑ እኩል የተሰራጨና ብርቱ ሙቀት ይፈልጋል። የባዮጋዙ ምድጃ የተሠራው ለድስት ነው፤ በመሐሉ የሚነድደው የነበልባል ክብ የምጣዱን እምብርት ሲያሳርር ጠርዙ ሊጡን ሳያበስል ይቀራል። በዚህ ምክንያት ማብላያ ያላቸው ቤቶች እንኳ ወጡንና ቡናውን በጋዝ፣ እንጀራውን በእንጨትና በኩበት ማዘጋጀት ቀጥለዋል። ለምጣድ የሚሆን የባዮጋዝ ምድጃ ለመሥራት የተደረጉ ሙከራዎች አሉ፤ አንድ ምጣድ ለማሞቅ ከድስት ምድጃ እጅግ የበለጠ ጋዝ ስለሚያስፈልግ ግን አነስተኛዎቹ ማብላያዎች ጥማቱን አያረኩትም። ዘጠኝ ዐሥር እንጀራ በአንድ ውሎ የምትጋግር እናት ከዚህ ቴክኖሎጂ የምትጠብቀው ይህንኑ ችግር እንዲፈታላት ነበር። የማገዶ ፍላጎት ግማሹ ሳይነካ ቀርቶ የደን ጭፍጨፋ በዚያው ልክ ይቀንሳል ብሎ መናገር ተገቢ አይደለም።

ምድጃው ያልፈታውን ማሳው ሊክሰው ይችላል፤ የባዮጋዝ እውነተኛ ፋይዳ ለኢትዮጵያ ገበሬ ያለው በባዮስለሪው ላይ ነውና። በማብላያው ውስጥ ካለፈው ናይትሮጅን ከፍ ያለው ድርሻ አሞኒየም ወደሚባለው፣ ተክል ወዲያው ሊወስደው ወደሚችል መልክ ይለወጣል፤ የአረም ፍሬም አብዛኛው የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ኢትዮጵያ ዩሪያዋን ከውጭ የምታስገባ አገር በመሆኗ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ሲተኮስ ከግቢ የሚገኝ ማዳበሪያ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለገበሬው ማስረዳት አላስፈለገም። ነገር ግን ይኸው ሀብት በቀላሉ ይባክናል። ባዮስለሪ በፀሐይ ተዘርግቶ ሲቆይ አሞኒያው ተንኖ ይሄዳል፤ በዝናብ ሲታጠብ ወደ ጅረት ይገባል፤ ፈሳሽ ስለሆነም በአህያ ጭኖ ከግቢ ርቆ ወዳለ ማሳ መውሰድ ያስቸግራል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ጥላ ያላቸው ሁለት ጉድጓዶች ተቆፍረው ባዮስለሪው ከገለባና ከቅጠል ጋር በተራ እየተደባለቀ ወደ ኮምፖስት ይለወጣል፣ በዚህም ክብደቱ ቀንሶ ለጭነት ይመቻል። ይሁን እንጂ ግንበኛው ጉልላቱን ደፍኖ፣ ጋዙ ነዶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሲያበቃ ሥራው እንዳለቀ ስለሚቆጠር፣ ጉድጓዶቹ በዕቅዱ መጨረሻ መስመር ላይ ይቀራሉ። በብዙ ግቢዎች ዝቃጩ ከማብላያው ጀርባ ወደ ጓሮው ፈስሶ የሚጠቅመው ለጎመኑና ለጌሾው ብቻ ነው፤ እነርሱ መለምለማቸው መልካም ነው፣ ጤፉና ስንዴው ግን አልተነኩም።

ከቤተሰቡ ወጥቶ ወደ መንደሩ ሲታሰብ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። አራት ከብትና የብድር ዋስትና ያለው ገበሬ ድሃው ገበሬ አይደለም። ፕሮግራሙ ከግንባታው ወጪ የተወሰነውን በድጎማ ቢሸፍንም ቀሪውን የሚከፍለው ወይም በብድር የሚወስደው ቤተሰቡ ስለሆነ፣ ዕድሉ የደረሰው ቀድሞውንም ሻል ላለው ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ እበት የጋራ ጸጋ በሆነበት አገር ግን ጉዳዩ ከዚህ ይሰፋል። ከብት የሌላት ሴት ከግጦሽ መስክ እበት ለቅማ፣ ጠፍጥፋ፣ አድርቃ ኩበቱን ለከተማ ገበያ ታወርዳለች፤ ከጎረቤት በረትም እበት ጠርጋ በምትኩ የምትወስድ አለች። ማብላያው ይህን ትርፍ ነገር ወደ ሀብት ሲለውጠው የከብቱ ባለቤት እጁን ይሰበስባል፣ ከብቱንም በግቢ ማሰር ይጀምራል፤ ያቺ ሴት ግን በማንኛውም የፕሮግራም ሪፖርት ውስጥ ተጎጂ ተብላ አትመዘገብም። ይህ መንደር ውስጥ የሚታይ፣ ከባለሥልጣን ቢሮ የማይታይ ለውጥ ነው።

በጀርመን ያለው ታሪክ ይህንኑ ጥያቄ በትልቁ ያሳያል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው የታዳሽ ኃይል ሕግ ከባዮጋዝ ለሚመነጭ ኤሌክትሪክ ለ20 ዓመት የጸና ዋጋ ዋስትና ሰጠች፤ በ2004 ሕጉ ሲሻሻል ደግሞ ለማብላያ ተብለው ለሚመረቱ ሰብሎች ተጨማሪ ክፍያ ተደነገገ። ለገበሬው ይህ ከወተት ዋጋ መዋዠቅ የሚያድን የተረጋጋ ገቢ ነበር። በ2000 ከ1,000 ብዙም ያልበለጡት ጣቢያዎች በ2011 ከ7,000 በላይ ሆኑ። ተከትክቶና ታምቆ በሳይሌጅ መልክ የሚቀመጠው የበቆሎ አገዳ በቶን የሚሰጠው ጋዝ ከእበት እጅግ ስለሚበልጥ፣ ማብላያው መነሻውን እበት ማስወገድ አድርጎ ሳለ ሲውል ሲያድር ማሳ የሚበላ ሆነ። በ2010ዎቹ መባቻ ከአገሪቱ የበቆሎ ማሳ ውስጥ ብዙ መቶ ሺህ ሄክታሩ የሚመረተው ለሰው ወይም ለከብት ሳይሆን ለጋዝ ነበር።

ጉዳቱ በሁሉም ላይ እኩል አልደረሰም። ከጀርመን የእርሻ መሬት 60 በመቶ ያህሉ በኪራይ የሚታረስ በመሆኑ፣ ዋስትና ያለው የኤሌክትሪክ ዋጋ በእጁ የያዘ የጣቢያ ባለቤት ለመሬት ኪራይ ከወተት ገበሬ የተሻለ ዋጋ ማቅረብ ይችል ነበር። የኪራይ ዋጋ ጣቢያዎች በበዙባቸው አካባቢዎች፣ በተለይም በታችኛው ሳክሶኒና በሽሌስቪግ-ሆልሽታይን፣ ሲወጣ ከድጎማው የተወሰነው በኪራይ መልክ ወደ ባለመሬቶች ኪስ ገባ፤ ተከራይቶ የሚያርስና ጣቢያ የሌለው ገበሬ ግን ከገበያው ተገፋ። የግጦሽ ሣር መሬት ታርሶ በቆሎ ተዘራበት፤ በአጨዳ ወቅት በመንደር መንገዶች ላይ ቀንና ሌሊት የሚመላለሱት ትራክተሮች ነዋሪውን አስመረሩት። ከዚህም የከፋው ናይትሮጅን ነው። በአውሮፓ ሕብረት ሕግ መሠረት ከእንስሳት ፍግ በአንድ ሄክታር በዓመት ከ170 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን መጨመር አይፈቀድም፤ ከሰብል በተመረተ ባዮጋዝ የሚተርፈው ዝቃጭ ግን የጀርመን የማዳበሪያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2017 እስኪሻሻል ድረስ ከዚህ ገደብ ውጭ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በሰኔ 2018፣ የአውሮፓ ሕብረት ፍርድ ቤት ጀርመን የከርሰ ምድር ውኃዋን ከናይትሬት ብክለት ባለመጠበቋ ጥፋተኛ ብሎ ፈረደባት። ጥፋቱ የባዮጋዝ ብቻ አልነበረም፤ የአሳማና የዶሮ እርባታውም ብዙ ድርሻ ነበረው።

ከዚያ ቀደም ብሎ የታዳሽ ኃይል ሕጉ ተስተካክሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ለአዳዲስ ጣቢያዎች የሚገባው በቆሎ ከ60 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በ2014 ደግሞ ለሰብል የሚሰጠው ተጨማሪ ክፍያ ቀረ። ይህ የግንባታውን ሩጫ በድንገት ገታው፤ ብድር ወስደው ለገነቡ ገበሬዎች ደግሞ የ20 ዓመቱ ዋስትና ሲያበቃ ምን እንደሚገጥማቸው የሚያሳስብ ሆነ። ይሁን እንጂ በዚያው አገር የተለየ መንገድ የመረጠ መንደርም አለ። በጎቲንገን አቅራቢያ የምትገኘው ዩንደ የተባለች መንደር እ.ኤ.አ. በ2005 በነዋሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የተያዘ የባዮጋዝ ጣቢያ አቋቁማ፣ ከኤሌክትሪክ ማመንጫው የሚተርፈውን ሙቀት በቧንቧ ወደ አብዛኞቹ ቤቶች አዳረሰች። የዚህ ሙከራ ጥንካሬ በቴክኖሎጂው አልነበረም፤ ባለ ጣቢያውና ሰብል አቅራቢው፣ ሙቀት ገዢውና የመንደሩ ነዋሪ ባንድ ማኅበር መቀመጣቸው ነበር።

የማብላያ ብዛት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት ቻይናም የማትዘለል ምሳሌ ናት። በአንድ ወቅት ከ40 ሚሊዮን በላይ የቤተሰብ ማብላያዎች ነበሯት፤ የአሳማ እርባታ ከየቤቱ ወደ ትላልቅ እርባታዎች ሲሸጋገርና ወጣቱ ለሥራ ወደ ከተማ ሲወጣ ግን ብዙዎቹ ጉልበትም እበትም አጥተው ባዶ ቀሩ።

ለአየር ንብረት ይበጃል የሚለው መከራከሪያም በጥንቃቄ መያዝ አለበት። ሜቴን በአንድ መቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ27 እጥፍ ያላነሰ የሙቀት ጉልበት ስላለው፣ ስንጥቅ ያለው ጉልላት ወይም ያረጀ ቧንቧ ማብላያው ያተረፈውን ከፊሉን ይመልሳል። ጥገና ስለዚህ ምቾት ብቻ አይደለም። በአንድ ወረዳ የጋዝ መብራቱን፣ ቧንቧውንና የምድጃውን ቫልቭ የሚጠግን ባለሙያ ከሌለ፣ ሰልፈሩ ብረቱን በልቶት ሲቆም ገበሬው ወደ ኩበቱ ይመለሳል፤ የሠለጠነው ግንበኛም በከተማ ሕንፃዎች የተሻለ የቀን ክፍያ ሲያገኝ አገሩን ይለቃል።

ይህ ሁሉ የባዮጋዝን ሥራ ለማቆም ሳይሆን መመዘኛውን ለመለወጥ ምክንያት ነው። አንድ ማብላያ ሥራ ላይ መሆኑ የሚታወቀው በአምስተኛው ዓመት በጋዙ ስንት ሰዓት እንደሚበሰል፣ ዝቃጩ ስንት ማሳ ላይ እንደደረሰ፣ በቀን ስንት ጀሪካን ውኃ ከምን ያህል ርቀት እንደተቀዳለትና ማን እንደቀዳው በመመዝገብ ነው። ከማብላያው ጋር የጣሪያ ዝናብ የሚያጠራቅም ገንዳ አብሮ ቢገነባ፣ የከብቱ ሽንትም በበረቱ ወለል ቦይ ተሰብስቦ ከውኃው የተወሰነውን ቢተካ፣ የሴቷ ሸክም ከጭራሮ ወደ ጀሪካን ከመዞር ይድናል። ድጎማውም ጉልላቱ ሲደፈን ሳይሆን የባዮስለሪው ጉድጓዶች ተቆፍረውና ተሸፍነው ሲታዩ የመጨረሻ ክፍያው ቢለቀቅ ግንበኛውም የሚሠራበት ምክንያት ይኖረዋል።

ትላልቅ ጣቢያዎች በኢትዮጵያም መታሰባቸው አይቀርም፤ በቢሾፍቱ፣ በሰበታና በሱሉልታ ዙሪያ የሚገኙት የወተት እርባታዎችና በየከተማው ያሉት ቄራዎች በአንድ ቦታ የሚከማች ፍግና ቅሪት አላቸውና። በዚህ ሥራ የሚሰማራ ባለሀብት ከአካባቢው ገበሬ እበት የሚገዛ ከሆነ፣ የእበቱ ዋጋ ከመወሰኑ በፊት ዝቃጩ የማን እንደሚሆን በውሉ መጻፍ ይኖርበታል። ለእርሻ የሚሰበሰበው እበት ወደ ጣቢያው ሄዶ የማይመለስ ከሆነ የማሳው ፎስፈረስና ናይትሮጅን አብሮ ይሸጣል። ጣቢያው በተቀበለው ልክ ዝቃጩን ለእበት አቅራቢዎች እንዲመልስ፣ ከጥር እስከ ግንቦት የሚጠራቀመውንም የሚይዝ ክዳን ያለው ገንዳ በራሱ ወጪ እንዲሠራና ለመኸር እርሻ በሰኔ መጀመሪያ በማሳው ዳር እንዲያደርስ የሚያስገድድ ውል፣ የግንባታ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት መፈረም አለበት።